ስልኩ 25 በመቶ ላይ ለምን ይጠፋል? ስለ ባትሪ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ሌሊት ቻርጅ

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ «ስልኬን ከገዛሁ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖኛል። ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር አወር ነው። መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ማታ ትራሴ ሥር ሰክቼው አድራለሁ፤ ጠዋት 100 ሆኖ አገኘዋለሁ። ድሮ እስከ ማታ ያደርሰኝ ነበር። አሁን ግን 25 በመቶ ሲደርስ፣ በተለይ ካሜራ ስከፍት፣ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቻርጀር ስሰካበት ወዲያው 20 በመቶ ብሎ ይነሳል። ጠጋኙ ‹ሦስት ጊዜ ሙጥጥ አድርገህ ጨርሰህ ሙላው፣ ይስተካከላል› አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ከ20 በታች አታውርድ፣ ከ80 በላይ አትሙላ ይለኛል። ፈጣን ቻርጀሩ ነው ባትሪውን የገደለው ያሉኝም አሉ። ማንን ልስማ? ባትሪ ላስቀይር ወይስ ስልክ ልግዛ?»

ምላሽ፦ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። ስልኩን ከሽፋኑ ያውጡና ስክሪኑን ወደ ታች አድርገው ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። በጀርባው ካስተኙት የካሜራው ጉብታ ያሳስትዎታል። ማዕዘኖቹን በጣትዎ ነካ ነካ ሲያደርጉ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ የጀርባ ክዳኑ በአንድ ጎን ከፈት ካለ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ባትሪው አብጧል። ያበጠ ባትሪ ያለው ስልክ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አይሰካም። አጥፍተው በሸክላ ሰሃን ወይም በሴራሚክ ወለል ላይ፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ አርቀው ያስቀምጡትና በማግስቱ ወደ ጥገና ይውሰዱት። እብጠቱን በእጅ ተጭኖ ለመመለስ መሞከርም ሆነ በመርፌ ወግቶ ማስተንፈስ አደገኛ ነው። ውስጡ ያለው ጋዝ ይቀጣጠላል፤ ሁለቱን ዋልታዎች የሚለየው ስስ ፕላስቲክ ከተበሳ ደግሞ ባትሪው በራሱ ውስጥ ሾርት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7ን ከዓለም ገበያ የሰበሰበው ባትሪዎቹ በሥራ ጉድለት እንዲህ ውስጥ ለውስጥ ሾርት እያደረጉ ስለተቃጠሉ ነበር።

ካላበጠ የስልክዎ ችግር ግልጽ ነው፤ ባትሪው አርጅቷል። ይህን የምለው ዕድሜውን አይቼ ብቻ ሳይሆን ከአጠፋፉ ተነስቼ ነው። 25 በመቶ ላይ የሚገኝ ሊቲየም አዮን ባትሪ (ያሁን ስልኮች የሚሠሩበት ዓይነት) ሥራ ሳይበዛበት 3.7 ቮልት አካባቢ ይኖረዋል። ካሜራ ሲከፈት፣ ሲደወል ወይም ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ በአንድ ጊዜ 2 አምፒር ያህል ሊስብ ይችላል። ባትሪው አዲስ ሳለ የውስጥ ሬዚስታንሱ (ከረንት እንዳይወጣ የሚይዘው የራሱ እንቅፋት) 0.1 ኦም ነበር እንበል። 2 አምፒር ሲሳብ 0.2 ቮልት ይወርድና 3.5 ላይ ይቆማል፤ ስልኩም ይሠራል። ሲያረጅ ሬዚስታንሱ 0.3 ኦም ቢደርስ በዚያው 2 አምፒር 0.6 ቮልት ይወርድና 3.1 ይሆናል። ስልኮች እንደየሥሪታቸው ከ3.0 እስከ 3.4 ቮልት ባለው መካከል ሲደርሱ ባትሪውን ለማዳን ራሳቸውን ያጠፋሉ። ቻርጀር ሲሰኩበት ጭነቱ ስለሚቀልለት ቮልቴጁ ይመለሳል፤ ወዲያው 20 በመቶ ብሎ የሚነሳውም ለዚህ ነው። አንገቱ በአተላ የተደፈነ ጀበና ያስቡ፦ ቡናው ውስጡ አለ፣ ሲያዘነብሉት ግን አይወርድም። አፕል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የቆዩ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር ይቀንስ እንደነበር ባመነ ጊዜ የሰጠው ምክንያትም ይኸው ነበር፤ ያረጀው ባትሪ በድንገት የሚጠየቀውን ከረንት መስጠት ሲያቅተው ስልኩ እንዳይጠፋ።

የጠጋኙ ምክር ከሌላ ዘመን ባትሪ የመጣ ነው። እንደ ኖኪያ 3310 ያሉት ስልኮች በኒኬል ባትሪ ይሠሩ ነበር። የኒኬል ባትሪ ሳያልቅ በየጊዜው ሲሞላ አቅሙን «የሚረሳበት» ጠባይ ስለነበረው ጨርሶ መሙላት ይመከር ነበር። «አዲስ ስልክ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ይሞላ» የሚለውም የዚያው ዘመን ትምህርት ነው። ያሁኖቹ ሊቲየም አዮን ባትሪዎች ይህ ጠባይ የላቸውም። ሙጥጥ አድርጎ ጨርሶ መሙላት የሚያስተካክለው ነገር ቢኖር ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ደግሞ ስልኩ ከቮልቴጅና ከገባና ከወጣ ከረንት አስልቶ የሚገምተው ነው፤ ግምቱ እየሳተ ሲሄድ አንድ ሙሉ ዑደት ያርመዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት፦ ራሱ እስኪጠፋ ይጠቀሙበት፣ ሳያቋርጡ 100 ይሙሉት፣ ከዚያ እንደ ወትሮው ይጠቀሙ። አሁንም 25 ላይ ከጠፋ ስህተቱ የቁጥር አይደለም። ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ያረጀውን ባትሪ ያለ ጥቅም ያለፋል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ልማድ አለ፤ እሱን አጥብቄ እቃወማለሁ። ለወራት ሞቶ የተቀመጠ ባትሪን ከቀጥታ የኃይል ምንጭ ጋር አገናኝቶ «ማስነሳት» ነው። ባትሪው ከ1.5 ቮልት በታች ወርዶ ከቆየ በውስጡ ያለው የመዳብ ወረቀት ወደ ፈሳሹ መሟሟት ይጀምራል። እንደገና ሲሞላ መዳቡ ባልተገባ ቦታ ይጋገርና የውስጥ ሾርት መንገድ ይከፍታል። ባትሪው ለሳምንት በደህና ሊሠራ ይችላል፤ አደጋው የሚመጣው ተሰክቶ ባደረበት አንዱ ሌሊት ነው። እንዲህ የተነሳ ባትሪ ቢሰጥዎ አይቀበሉ።

የእርስዎ ባትሪ ምን ያህል እንደሠራ እናስላ። 100 በመቶ ወጥቶ ሲገባ አንድ ዑደት ይባላል፤ ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ቢሞሉም ሁለቱ ተደምረው አንድ ናቸው። በቀን አንድ ጊዜ ገደማ ከሞሉ በ29 ወር ውስጥ ወደ 870 ዑደት ደርሰዋል። አፕል ለአይፎን 14ና ከዚያ በፊት ለነበሩት ስልኮች 80 በመቶ አቅም እስከ 500 ዑደት፣ ለአይፎን 15 ደግሞ እስከ 1000 ዑደት ድረስ ይቆያል ይላል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ ስማርት ስልኮች ከ800 ዑደት በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ ደንግጓል። ስለዚህ ባትሪዎ ያለ ጊዜው አልሞተም፤ የሚጠበቅበትን ሠርቷል። አያያዙ ቢሻሻል ግን ከዚህም በላይ ሊቆይ ይችል ነበር።

አሁን ወደ ሌሊቱ ቻርጅ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲሰካ ከልክ በላይ ይሞላል» የሚለው ልክ አይደለም። ስልኩ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ 100 ሲደርስ ያቆመዋል። ባትሪውን የሚጎዳው ሞልቶ፣ ግሎ፣ ለሰዓታት መቆየቱ ነው። ባትሪ ሲሞላ ቮልቴጁ ወደ 4.4 ገደማ ይወጣል፤ በዚያ ከፍታ ላይ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይበላሻል፣ ጋዝም ይፈጥራል። የባትሪው አንዱ ዋልታ በሆነው ግራፋይት ላይ ያለው ስስ ሽፋንም እየወፈረ ሊቲየሙን ይበላል። ሙቀት ሁለቱንም ያፋጥናል። በባትሪ ሙያ ውስጥ ለመነሻ የሚያገለግሉ ቁጥሮች አሉ። 40 በመቶ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የተቀመጠ ባትሪ በዓመት 4 በመቶ ያህል አቅም ያጣል፤ በዚያው ሙቀት 100 ተሞልቶ የተቀመጠው 20 በመቶ። በ40 ዲግሪ ሲሆን የመጀመሪያው 15፣ ሁለተኛው 35 በመቶ ያጣል። እንደ ባትሪው ሥሪት ከፍና ዝቅ ቢልም ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ቀን ከ35 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። በዚያ ላይ ትራስ ሥር የሚሞላ ስልክ የራሱን ሙቀት የሚያወጣበት መንገድ የለውም፤ 40ን ማለፍ አይከብደውም። ሰመራ፣ ጋምቤላ፣ ወይም ዱባይና ጅዳ የሚኖሩ አንባቢዎችም በዚሁ ሚዛን ይመዝኑት። አዲስ አበባ ላይ ያው ስልክ በያው ልማድ ቢያዝ አየሩ ብቻውን ዕድሜ ይጨምርለታል።

ስለዚህ ትራሱን ዛሬ ይተዉት። ይህ ለባትሪው ብቻ ሳይሆን ለራስዎም ነው፤ አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ የሚቀጣጠለው ራስዎ የተኙበት ጨርቅ ነው። ሽፋኑን አውልቀው ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ አድርገው ይሙሉት። ከሙቀት ለማዳን ብለው ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ እንዳያስገቡት፤ ሲያወጡት ውስጡ ላብ ያልበዋል፣ ቦርዱም ይዝጋል። ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ስልክ፣ ወይም ባጃጅ መስታወት ላይ ፀሐይ እየመታው፣ ካርታ ከፍቶ፣ እየሞላም የሚውል ስልክ ከሌሊቱ ቻርጅ የባሰ ይጎዳል።

የወንድምዎ ከ20 እስከ 80 የሚለው ሕግ በመሠረቱ ትክክል ነው፤ መብራት የማይጠፋበት ቤት ለሚኖር። ነገ ቀኑን ሙሉ መብራት ላይኖር የሚችልበት ሰው 80 ላይ ነቅሎ በስምንት ሰዓት ስልኩ ከሚዘጋበት 100 ቢሞላ ይሻለዋል። ስልኩ የተገዛው ለአገልግሎት ነው። ሚዛኑን እንዲህ ይያዙት፦ በአዘቦት 80 ወይም 85 ይበቃል። መብራት እንደሚጠፋ ካወቁ ወይም መንገድ ካለብዎ 100 ይሙሉ፣ ግን ሞልቶ ሌሊቱን አይደር፤ ከመውጣትዎ በፊት ይድረስ። ጋላክሲ ስልኮች ላይ «ባተሪ ፕሮቴክሽን»፣ ከአይፎን 15 ጀምሮ ደግሞ «ቻርጅ ሊሚት» የሚለው ቅንብር 80 ላይ ያቆምልዎታል። በአንዳንድ የኢንፊኒክስና የቴክኖ ሞዴሎች ላይ ያለው «ባይፓስ ቻርጂንግ» ደግሞ ኃይሉን ባትሪውን አልፎ በቀጥታ ለስልኩ ይሰጣል፤ ሰክተው ፊልም ለሚያዩ ወይም ጌም ለሚጫወቱ ትልቅ እረፍት ነው።

ከዚህ የሚሻለው መንገድ 100 የመሙላቱን ሸክም ወደ ፓወር ባንክ ማዞር ነው። 10,000 ሚሊአምፒር አወር የተጻፈበት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 37 ዋት አወር ይይዛል (ዋት አወር የሚገኘው ሚሊአምፒር አወሩ በቮልቴጁ ተባዝቶ ለሺህ ሲካፈል ነው)። ቮልቴጁ ሲቀየርና ስልኩ ሲሞላ የሚባክነው ተቀንሶ ወደ 27 ገደማ ይቀራል። የእርስዎ ባለ 5000 ባትሪ 19 ዋት አወር ያህል ስለሆነ ከባዶ አንድ ጊዜ ከግማሽ እንኳ አይሞላልዎትም፤ ሻጩ «ሁለት ጊዜ ይሞላል» ቢል አይመኑ። ቢሆንም ለመብራት አልባ ቀን ይበቃል።

ስለ ፈጣን ቻርጀር የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። ስልኩ የሚቀበለውን ከረንት የሚወስነው ስልኩ ራሱ ነው፤ 33 ዋት ቻርጀር 18 ዋት ብቻ ከሚቀበል ስልክ ጋር ቢገናኝ የሚያልፈው 18 ነው። ፈጣኑ ሙሌትም የሚቆየው መጀመሪያ ላይ ነው። ባትሪው ሲሞላ ከረንቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ የመጨረሻው 20 በመቶ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። መብራት ለአጭር ጊዜ ብቻ ሲመጣ ፈጣን ቻርጀር ይጠቅማል፤ ከ15 ወደ 60 ያደርስዎታል፣ የዚያን ቀን የሚያስፈልገውም ያ ነው። ጉዳቱ በሙቀቱ ነው። ሌሊት ጊዜ ሲኖርዎ 10 ዋት የሚሰጠው አሮጌው ቻርጀር (5 ቮልት፣ 2 አምፒር የሚለው) ይበቃል፤ ብዙ አይግልም።

ከፍጥነቱ ይልቅ የቻርጀሩ ጥራት ያሳስበኛል። ደህና ቻርጀር ውስጥ 220 ቮልቱ ያለበት ወገንና እጅዎ የሚነካው 5 ቮልት ወገን በበቂ ርቀትና በጥሩ ትራንስፎርመር ይለያያሉ። በጣም ርካሽ በሆነው ውስጥ ይህ ክፍተት ጠባብ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው የቮልቴጅ ዝላይ ሊያልፈው ይችላል። በእጅ ሲይዙት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል፣ ሲሰካ የሚጮህ፣ ሲሞላ በእጅ ሊይዙት እስከማይችሉ የሚግል፣ ወይም ስልኩን ሲነኩ የሚነዝር ቻርጀር ይጣል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ይንቀሉ። ሲመጣ አሥር ደቂቃ ጠብቀው ይስኩ፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው መልሶ የሚሄደውና ቮልቴጁ የሚዋዥቀው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። ዲቫይደርዎ የላላ ከሆነ እሱንም ይቀይሩ፤ በላላ ቀዳዳ ውስጥ የሚፈጠረው ብልጭታ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ስልኩ ራሱ ገመዱን ካልያዘ ደግሞ አፉ ውስጥ የኪስ ጥጥ ተጠቅጥቆ ይሆናል። ስልኩን አጥፍተው በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለው ያውጡት፤ በመርፌ አይሆንም።

ወደ ውሳኔው ልምጣ። ባትሪውን ያስቀይሩ። ስክሪኑ ደህና ከሆነ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያ አሁንም የሚደርሰው ከሆነና የሚሠራልዎ ከሆነ ስልክ የሚገዙበት ምክንያት የለም። ባትሪውና የእጅ ዋጋው ተደምረው ስልኩ አሁን ቢሸጥ ከሚያወጣው ሲሶውን ካለፉ ብቻ ያስቡበት። ከዚያ በታች ከሆነ ባትሪ መቀየር ለሌላ ሁለት ዓመት የሚያቆይ ርካሽ መፍትሔ ነው። የከዳ ባትሪ ይዞ መቆየት ግን አልመክርም። ሞባይል ባንክ የሚጠቀምና ድንገት ሐኪም ወይም ቤተሰብ መደወል የሚያስፈልገው ሰው 25 በመቶ ላይ በሚጠፋ ስልክ ሊተማመን አይችልም።

ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ። በአሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈው የሞዴል ኮድና በአዲሱ ላይ ያለው ፊደል በፊደል አንድ ይሁኑ። ከሁሉ በላይ የመሙያ ቮልቴጅ ወሰኑን ያንብቡ፤ በአሮጌው ላይ 4.45 ቮልት ካለ በአዲሱም 4.45 መሆን አለበት። ወሰኑ 4.2 ቮልት የሆነ ባትሪ እስከ 4.45 በሚሞላ ስልክ ውስጥ ከገባ በየቀኑ ከልኩ በላይ ይሞላል፤ ቅድም ሐሰት ያልኩት «ከልክ በላይ መሙላት» እውነት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። በያው መጠን «6500» ወይም «7000» የተጻፈበት ባትሪ ውሸት ነው፤ በዚያች ቦታ ያን ያህል አይገባም። የወርቅ ሚዛን ካገኙ ይመዝኑት። እውነተኛ የ5000 ባትሪ 70 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 45 ግራም የሚመዝን ባለ 5000 ሊኖር አይችልም። የተሠራበትን ቀንም ይዩ፤ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት የቆየ ባትሪ ሳይሠራ አርጅቷል።

ጠጋኙ ከመግጠሙ በፊት ባትሪውን በመልቲሜትር እንዲለካ ይጠይቁት። ከ3.6 እስከ 3.9 ቮልት ከሆነ ደህና ተቀምጧል። ከ3 በታች ከሆነ ሌላ ይምጣ። አሮጌውን ሲያወጣ ሙጫውን በሙቀት ወይም በአልኮል አለስልሶ በፕላስቲክ ማንሻ ያንሳው፤ በብረት ወይም በቢላ የሚፈነቅል ከሆነ ስልክዎን ተቀብለው ይሂዱ። ስልኩ ውኃ የማያስገባ ከነበረ ከተከፈተ በኋላ ማሸጊያው እንደ ቀድሞው አይመለስም፤ ዝናብና መታጠቢያ ቤት ይጠብቁት። አሮጌውን ባትሪ ዋልታዎቹን በፕላስተር ሸፍነው ለጠጋኙ ይተዉለት እንጂ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣሉት፤ ቆሻሻ ሲቃጠል ወይም ሲጨፈለቅ ይፈነዳል።

አዲሱ ባትሪ ሲገባ ስምንት ሰዓት መሙላት አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ቀን ቁጥሩ ሊዘባርቅ ይችላል፤ ያኔ ጠጋኙ የነገረዎትን አንድ ሙሉ ዑደት አንድ ጊዜ ብቻ ያድርጉለት። ከዚያ በኋላ ማታ አየሩ በረድ ሲል፣ ሁለት ሰዓት ላይ ወለሉ ላይ ይስኩትና ሲተኙ 85 አካባቢ ሆኖ ይንቀሉት።